ቧንቧው ያሳለ ዕለት

አንድ ቦኖ ውሃ ስንት ጊዜ ይመረቃል? እናንተ ሰፈር አንድ ጊዜ ይሆናል። ጋምቤላ ከተማ፣ እኔ ተከራይቼ በምኖርበት ሰፈር ያለው ቦኖ ግን ሦስት ጊዜ ተመርቋል። በሦስቱም ምርቃት ላይ ሳክስፎን የነፋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። የራሴም እጅ አለበት።

ዘይነባ እባላለሁ። አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥተው አቦቦ አካባቢ መሬት ከተሰጣቸው ገበሬዎች አንዱ ነው፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወደ ከተማ ስመጣ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ገባሁ። ክበቡን የሚያሠለጥኑት ጋሽ ታምራት የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በማርሽ ባንድ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ሳክስፎን አንገቴ ላይ ያንጠለጠሉልኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ይህን ሲሰማ «እስትንፋስሽን ለብረት ከምትሰጪ ለምድጃ ብትሰጪው ምን ነበር?» አለኝ። በኋላ ግን ለጎረቤቶቹ «ልጄ መንግሥት ቤት ጡሩምባ ትነፋለች» እያለ ሲኩራራ ሰምቼዋለሁ።

ነገሩ በሆነበት ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የኪነት ቡድን ውስጥ የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ። የቡድኑ መሪ ጋሽ ታምራት ናቸው። ቋሚ የሚያደርገኝ ደብዳቤ «ፊርማ ላይ ነው» ከተባለ ሁለት ክረምት አልፏል። ሳክስፎኑ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ ኮንትራቴ ቢቋረጥ እሱም አብሮ ይሄዳል። በዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ ሳክስፎን ያለበትን የሚያውቅ ሰው ካለ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ያን ብረት ከተቀማሁ በቃ፣ ሙዚቃዬ አለቀ ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ሥራችን እንግዳ መቀበልና ምርቃት ማድመቅ ነው። የቦኖው ምርቃት እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ከምርቃቱ በፊት ባለው ቀን ቦቴ መኪና ይመጣና ከቦኖው ጀርባ፣ ዝቅ ያለ የድንጋይ መቆሚያ ላይ የተቀመጠውን ትልቅ የፕላስቲክ ታንከር ይሞላል። በማግሥቱ ድንኳን ይተከላል፣ ሪቫን ይቆረጣል፣ አራቱ ቧንቧዎች ይከፈታሉ፣ ውሃው ይንፎለፎላል፣ እኛ እንጫወታለን። ታንከሩ ሲያልቅ ቧንቧው አየር መሳብ ይጀምራል። ኽ... ኽ... ፊሽሽሽ። እንደ አሮጌ አጫሽ ያስላል። ከዚያ ለወራት ዝም። ታንከሩ ከየትኛውም መስመር ጋር አልተገናኘማ! ሴቶቹም ጄሪካናቸውን ተሸክመው ወደ ባሮ ይመለሳሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ከሁለተኛው ምርቃት በኋላ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ለአንድ ዝግጅት ሄደን ተጫወትን። ዕቃችንን ስንሰበስብ አንድ ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ የደቡብ ሱዳን ሰው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጋትሉዋክ ይባላል። በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትራምፔት ይጫወት ነበር፤ ድንበር ሲሻገር ትራምፔቱ ጠፋበት። አማርኛውን የተማረው እዚህ ነው፤ ሴትንም ወንድንም «አንተ» ነው የሚለው።

«አንተ ጥሩ ትነፋለህ» አለኝ። «ግን አንተ አልተናደድክም እንዴ?»

«ለምን እናደዳለሁ?»

«ቤትህ ውሃ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ዘፈንህ ለምን ውሃ ያለው ሰው ይመስላል?»

ስልኩን አወጣና በሜሞሪ ካርዱ ላይ የያዘውን የጥንት የጥቁር አሜሪካውያን ጃዝ አስደመጠኝ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ፍየል የሚታረድ መስሎኝ ነበር። ሳክስፎኑ ይጮሃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያለቅሳል፣ ከበሮው ሌላ መንገድ ይሄዳል። ሳቄን ለቀቅኩት። እሱ አልሳቀም።

«እነዚህ ሰዎች ፖሊስ ይመታቸዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ይቃጠላል። ማታ ደግሞ ሰው መጥቶ 'ቆንጆ ዘፈን ተጫወቱልን' ይላቸዋል። እነሱ ዜማውን ሰበሩት። ሕይወቱ ተሰብሮ ዜማው ደህና ከሆነ ውሸት ነው፤ ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ፤ ግማሹ ገብቶኝ ነበር።

«አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የተናደድክበት ሰው ካጨበጨበልህ አልሰማህም ማለት ነው።»

ሙዚቃውን ወደ ስልኬ ላከልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ ባሮ ዳር ድሮ መርከብ ይቆምበት የነበረው ቦታ እየሄድኩ እለማመድ ነበር። አከራዬ «ግቢዬ ውስጥ ይህን ነገር አላስነፋም» ብላኛለች። አልፈርድባትም።

ግቢያችን ውስጥ ጎን ለጎን የምንኖረው አቻላ ከምትባል አኙዋክ ጋር ነው። ወንዝ ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ቀልደኛ ናት፤ እኔን «ማሽላ እንደ በላ በሬ ትነፊያለሽ» ብላ የምታሾፍብኝ እሷ ነች። በክረምቱ፣ የባሮ ዳርቻ ጭቃው በሚያንሸራትትበት ወቅት፣ ሃያ ሊትር ጄሪካን በራሷ ላይ ተሸክማ ስትወጣ ወደቀች። ቀኝ እጇ ከጉልበቷ ጋር ድንጋይ ላይ አረፈ፣ አንጓዋ ላይ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላት፤ ተጣሞ ገጠመ። ዓሣዋን እያጠብኩላት፣ በግራ እጇ ቢላዋ ለመያዝ ስትታገል ሳይ፣ ከቦኖው ፊት የነፋሁት የደስታ ዜማ ሁሉ አሳፈረኝ።

ልክ በዚያ ሰሞን «ቦኖው ታድሷል፣ እንደገና ይመረቃል» ተባለ። እድሳቱን ሄጄ አየሁት። ሰማያዊ ቀለም ነው።

ፕሮግራሙ ሲወጣ ቧንቧው እንደተከፈተ «የሳክስፎን ሶሎ» የሚል ነበረበት። ጋሽ ታምራት ፊቴን አይተው የሆነ ነገር ጠረጠሩ።

«ዘይኔ፣ ምን ልትጫወቺ ነው?»

«ያየሁትን።»

«ስሚኝ ልጄ። ደብዳቤሽ ፊርማ ላይ ነው። እኔም ጡረታዬ ደርሷል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«እሺ ጋሽዬ» አልኳቸው። እሺ ማለት ልምዴ ነበር።

ከምርቃቱ በፊት በነበሩት ቀናት ደረቁ ቧንቧ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩት። የቀረችው እርጥበት ስትንቀሳቀስ የምታሰማውን ድምፅ ቀዳሁ። ሳክስፎኑ ውስጥ ድምፅ ሳላወጣ አየር ብቻ መንፋት፣ በምላሴ መቁረጥ፣ ከዚያ ትንፋሼ እስኪያልቅ ማሳል። አላፊ አግዳሚው አበደች ብሎ ነበር። አቻላ ብቻ ቆማ ሰማችኝና «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» ብላ በታመመች እጇ ጭምር ልታጨበጭብ ስትል አመማት።

የምርቃቱ ዕለት ከጠዋቱ ጀምሮ ሙቀቱ ሰው ይጠብስ ነበር። ድንኳኑ ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ የእንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃ ተኮልኩሏል። የውሃ ምርቃት ላይ የታሸገ ውሃ! ይህ እንኳ ማንንም አላሳቀም። እኛ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆመናል፤ ሴቶቹ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ከገመድ ውጭ።

አቻላ ወደ ታንከሩ ሄዳ በእንጨት ከታች ወደ ላይ ቆረቆረችው። ድም፣ ድም፣ ከዚያ ገና ከታች ባዶ ድምፅ። መጥታ ጆሮዬ ሥር ተናገረች።

«ዘይነባ፣ ውሃው ሩብ ብቻ ነው። ቦቴው ትናንት ጭቃ ይዞት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዛሬ ያልቃል» አለችና ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

ንግግሩ ረዘመ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «የዘመናት የውሃ ጥማት ዛሬ እልባት አገኘ» አሉ። ባለፈው ጊዜም፣ ከዚያ በፊትም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ወረቀቱ እንኳ አልተቀየረም ብል አልዋሸሁም። ከላይ የመጡት የክብር እንግዳ ሪቫኑን ቆረጡ፣ አንዱን ቧንቧ ከፈቱ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ጭብጨባ ሆነ። ቧንቧው ተዘጋ። ጋሽ ታምራት በአገጫቸው ጠቀሱኝ።

ማይኩ ፊት ቆምኩ። መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀውን የደስታ ዜማ ጀመርኩ፣ መሐሉ ላይ ሰበርኩት። አየር ብቻ ነፋሁ። ኽ... ኽ... ፊሽሽሽ። አቻላ የወደቀችበትን ቦታ እያሰብኩ እስኪሰነጠቅ አስጮህኩት። እንደገና ማሳል። ከበሮ መቺው ግራ ገብቶት ዱላውን አነሣ። እኔ ግን ቀጠልኩ፤ የሁለት ክረምት «እሺ» ሁሉ በዚያ ብረት ውስጥ ወጣ። ስጨርስ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኝ ነበር።

«በቃ፣ አሁን ተያዝኩ» አልኩ በልቤ።

የክብር እንግዳው ከወንበራቸው ተነሡና አጨበጨቡ።

«ግሩም ነው!» አሉ። «ውጭ አገር ስማር ይህንን በክለብ እሰማ ነበር። ፍሪ ጃዝ ይባላል። ጋምቤላ ላይ እሰማለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም!»

እሳቸው ሲያጨበጭቡ ኃላፊውም አጨበጨቡ፤ ኃላፊው ሲያጨበጭቡ ድንኳኑ በሙሉ አጨበጨበ። ኃላፊው ማይኩን ከፊቴ ወሰዱ።

«ይቺን የመሰለች ባለሙያ በኮንትራት ማቆየት አይገባም! ሰኞ የቋሚነት ደብዳቤዋ ይወጣል!»

እልልታ ሆነ። ጋሽ ታምራት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ፣ አንባቢዎቼ፣ ጥርሴን ነክሼ ቆሜ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። ስድቤን በሰሐን ተቀብለው በሉት። ከዚህ የባሰው ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ደስ ብሎኛል። ሰኞ ቋሚ እሆናለሁ፣ ሳክስፎኑ የኔ ሆኖ ይቀራል ብዬ በዚያች ቅጽበት ልቤ ዘለለ። የጋትሉዋክ ቃል ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አቻላን ፈለግኋት። ሁሉም ሲያጨበጭብ አንድ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ ቆማ ታየኝ ነበር። ከዚያ ገመዱን ከፍ አድርጋ ገባችና በግራ እጇ አራቱንም ቧንቧ ለቀቀችው። ጄሪካኗን አስቀመጠች። ከኋላዋ ሴቶቹ ሁሉ ገቡ።

አንድ አስተባባሪ ሊከለክል ሲሮጥ ኃላፊው አስቆሙት። ካሜራ የያዘው ሰው ዞሮ ሴቶቹን መቅረጽ ጀምሮ ነበር።

«ተዋቸው! ይቅዱ! ጥሩ ምስል ነው!» አሉ። በማይኩም «ቅዱ እናቶች፣ ቅዱ! የናንተው ውሃ ነው!»

እናቶችም ቀዱ። የሞላው ይነሣል፣ ባዶው ይተካል፤ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። እንግዳው ፈገግ እያሉ ያያሉ። ሌላ ተናጋሪ ተነሥቶ ስለ ውሃና ስለ ልማት ማብራራት ጀመረ። እኔ ዓይኔን ከታንከሩ ላይ መንቀል አልቻልኩም።

መጀመሪያ ዳር ያለው ቧንቧ ቀጠነ። ከዚያ፦

ኽ... ኽ... ፊሽሽሽ።

ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው። አራቱም አንድ ላይ ማሳል ያዙ። ተናጋሪው ድምፁን ከፍ አደረገ። የእንግዳው ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረና አንገታቸው ቀስ ብሎ ወደ ቧንቧው ዞረ። ከዚያ ወደ እኔ። እንደገና ወደ ቧንቧው።

«ንፊ!» አሉ ጋሽ ታምራት በጥርሳቸው መሐል። «ዘይኔ፣ የደስታውን ንፊ! ቶሎ!»

ኃላፊውም ከወዲያ እጃቸውን እያወዛወዙ «ሙዚቃ! ሙዚቃ!» ይላሉ።

ዜማውን የምመራው እኔ ነኝ፤ እኔ ካልጀመርኩ ቡድኑ አይነሣም። ሳክስፎኑን ወደ አፌ አቀረብኩ። ሳንባዬን ሞላሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ብነፋ ሳሉ ይሸፈናል፣ እንግዳው ወደ ምሳ ይሄዳሉ፣ ሰኞ ደብዳቤዬ ይወጣል። አቻላ ያልሞላ ጄሪካኗን በግራ እጇ ይዛ ቆማለች። አልለመነችኝም፣ አልጠቀሰችኝም። የምነፋ መስሏት እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

ሳክስፎኑን ከአፌ አወጣሁትና ደረቴ ላይ ለቀቅኩት።

ከበሮ መቺው ሁለት ጊዜ መታ፣ ማንም እንዳልተከተለው ሲያይ ተወው። ተናጋሪውም ቃል ጠፋበት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚሰማው የቧንቧው ሳል ብቻ ሆነ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ከዚያ ክረምት ሁሉ ይረዝም ነበር። ለጩኸቴ አጨብጭበው ነበር። አሁን በምን ላይ ያጨብጭቡ?

እንግዳው ወደ እኔ መጡ።

«ቅድም የተጫወትሽው... ይህንን ነው?»

«አዎ ጌታዬ። ይህንኑ ነው።»

«ታንከሩ ከየት ነው የሚሞላው?» ብለው ወደ ኃላፊው ዞሩ።

«ክቡርነትዎ፣ መስመሩ በሂደት ላይ...»

«ከቦቴ ነው» አለች አቻላ ከመሐል ገብታ። «ትናንት መጣ። ነገ አይመጣም። በፊትም እንደዚህ ነው፣ ከዚያ በፊትም እንደዚህ ነው። እኔ ባሮ ሄጄ ይኸው እጄ።» ሻሿን ፈትታ የተጣመመውን አንጓዋን አሳየቻቸው።

እንግዳው እጇን ለረጅም ጊዜ አዩት። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ፤ ምሳውም ተዘጋጅቶ ቀረ።

ሰኞ እንደተባለው ደብዳቤዬ ወጣ። የኮንትራት ማቋረጫ ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሳክስፎኑን ሲረከበኝ እያንዳንዱን ቁልፍ እየተጫነ አየና «ደህና አድርገሽ ይዘሽው ነበር» አለኝ። ወደ ቤት ስመለስ አንገቴ ቀለለኝ፤ ያ ቅለት ግን የሚያስደስት አልነበረም። ጋሽ ታምራት ለሁለት ሳምንት ሳያናግሩኝ ቆይተው አንድ ቀን በር ላይ መጡ።

«ዝም በይ ስልሽ» አሉኝ፣ «እንደዚያ ዝም በይ አላልኩሽም።»

ሊቆጡ ነው የመጡት፣ ግን መሐል ላይ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ተከዝን።

አሁን እናንተ «ታዲያ ውሃው መጣ ወይ?» ትሉኛላችሁ። አልመጣም። ለመስመር ብለው ቦይ መቆፈር ጀመሩ፣ መንገዱ ዳር ደርሶ ቆመ፤ አሁን የዝናብ ውሃ ሞልቶት እንቁራሪት ይጮህበታል። ያናድዳል፤ ዛሬም እየጻፍኩት ያናድደኛል። ከዚህ ይበልጥ የሚያናድደውን ልንገራችሁ? የኪነት ቡድኑ ያንን የሳል ዜማ አልጣለውም። እንግዳው ስለወደዱት በኪቦርድ አስጠንተው በየምርቃቱ «ዘመናዊ ጃዝ» ብለው ያቀርቡታል። ኩሌ ሄጄ ይህን ለጋትሉዋክ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ።

«እነዚያም ሰዎች» አለኝ፣ «ዘፈናቸው ዛሬ ሆቴል ውስጥ ምሳ ሲበላ ይከፈታል። ምን ታደርጋለህ? ዘፈኑን ይወስዱታል። አንተን ግን ካልሰጠሃቸው አይወስዱህም።»

እኔን የለወጠኝ ይህ ነው። አሁን ከአቻላ ጋር ዓሣ እሸጣለሁ፤ እሷ ትጠብሳለች፣ እኔ አጥባለሁ፣ ውሃውንም እኔ እቀዳለሁ። ሳክስፎኑ ይናፍቀኛል። አንዳንዴ ጣቶቼ ባዶ ጄሪካን ላይ ቁልፍ ሲፈልጉ አገኛቸዋለሁ። ግን ለማላምንበት ነገር ትንፋሼን መስጠት ከዚያ ወዲህ አልችልበትም፤ ብሞክርም አይወጣልኝም። ተቆጭተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ በተለይ ሰኞ ሰኞ።

በቅርቡ በቀጣዩ ሰፈር ሌላ ቦኖ ተመረቀ። የመረቁት ያው ኃላፊ ናቸው። ሪቫኑ ተቆረጠ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ ኪቦርዱ የኔን ሳል አሳለ። ከየሰፈሩ የመጡት ሴቶች ሰልፍ ይዘው መቅዳት ጀመሩ። ሊዘጉባቸው አልቻሉም፤ ካሜራ ነበረ።

ኃላፊው በማይኩ «ጭብጨባ!» አሉ።

አንድም እጅ አልተነሣም። ደግመው «ጭብጨባ እንጂ!» አሉ።

አቻላ ከፊት፣ ጄሪካኗ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጆሮዋን ወደ ቧንቧው አዘንብላ ነበር። ቀና ሳትል ደህናውን እጇን ከፍ አደረገች።

«ቆይ» አለቻቸው። «ገና እየሰማን ነው።»